ብራና ፍለጋ ወጥቼ ጽዋ ይዤ ገባሁ

መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ «ምናለ ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ» እንዳትሉኝ ነው። ብትሉኝም አዲስ አይሆንብኝም፤ እናቴ ብላኛለች፣ ርእሰ መምህራችን ብለውኛል፣ ፀጉር አስተካካዬም ምላጩን እንደያዘ ለምኖኛል። ክፍል ገብቼ ታሪክ ሳስተምር ከሰሌዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስመላለስ ነው የምውለው። ተማሪዎቼ ዓመቱ ሲያልቅ ከታሪኩ ይልቅ የአንገት ሕመም ይዘው ነው የሚወጡት።

እንዲህ ያለ ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያው ምን ዓይነት ርእስ መምረጥ ነበረበት? አጭርና ቶሎ የሚያልቅ፣ አይደል? እኔ ግን «ቅዱሳት መጻሕፍት እንዴት ተጽፈው፣ እንዴት ተሰብስበው፣ በማን እጅ አልፈው እኛ ዘንድ ደረሱ» የሚል መረጥሁ። መጻሕፍቱ ራሳቸው ተሰብስበው እስኪያልቁ ትውልድ አልፎ ትውልድ ተተክቷል። እኔ በክረምት ትምህርት ልጨርሰው ተነሣሁ።

ንባቡ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። አንዱ ሰው ለወዳጆቹ መልእክት ይጽፋል፤ ወዳጆቹ አንብበው ለጎረቤት ከተማ ያውሳሉ፤ ጎረቤቶቹ ገልብጠው ይመልሳሉ፣ ወይም እንደማንኛውም መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ሳይመልሱ ይቀራሉ። ከዚያ ሊቃውንት ተሰብስበው ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ ይባባላሉ። እኛ ሰማንያ አሃዱ ብለን ስንቆጥር ሌላው ባነሰ ቁጥር ረክቶ ይኖራል። ስልኬ ላይ አንዲት ገጽ አነብና ብድግ እላለሁ፤ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሬ እመለሳለሁ፤ ሌላ ገጽ አነባለሁ። በዚህ አያያዜ መጻሕፍቱ ግሪክ አገር እያሉ እኔ በእግሬ ወልድያ ደርሼ ነበር።

ችግሩ አማካሪዬ ናቸው። ዶክተር ናቸው፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ጽፎታል» አሉኝ ያመጣሁትን እያገላበጡ። «የአንተ ምኑ ነው? ማንም ያልጻፈበት አንድ የብራና መጽሐፍ በዓይንህ አይተህ፣ እንዴት እዚህ እንደደረሰ አጣርተህ አምጣ። ካላመጣህ በዚህ ክረምት አትመረቅም። ጊዜህ ተራዝሞ ተራዝሞ አልቋል።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ብራና ካገኘሁ እመረቃለሁ፤ ካጣሁ ያ ሁሉ ክረምት ውኃ ሊበላው ነው። እናቴ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ላገኘችው ሰው ሁሉ፣ በተለይም ለምትጠላት ጎረቤቷ፣ የምረቃዬን ዜና ቀድማ አውጃለች።

ቆቦ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ አንድ ወሬ በጆሮዬ ይዞር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የጥንት ወንጌል ነበረ፤ በጦርነቱ ጊዜ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። አንዳንዱ ተወስዷል ይላል፣ አንዳንዱ ተቃጥሏል ይላል፣ አንዳንዱ ምንም ሳይል ወደ ዞብል ተራራ ይመለከታል። ይህን ሦስተኛውን ዓይነት ሰው ነው ልብ ማለት የነበረብኝ። እኔ ግን ዝም የሚል ሰው ፊት ቆሜ መጠበቅ መቼ እችላለሁ?

የመጀመሪያ ጥፋቴ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አፌን መክፈቴ ነው። የሒሳብ መምህሩ ምን እንደማጠና ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። እሱ ለስፖርት መምህሩ «የትኛው መጽሐፍ እንደሚገባና እንደሚወጣ እያጠና ነው» አለው። የስፖርት መምህሩ ሻይ ቤት ገብቶ «መምህሩ ሊያወጣና ሊያስገባ ነው» አለ። ሻይ ቤት የገባ ነገር መቼ ባለበት ይቀራል? በገበያው ቀን ሽንኩርት ስመርጥ የማላውቃቸው አንዲት እናት እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ልጄ» አሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው፤ ዳዊትን ግን አትንካብን።»

አልነካም ብዬ ማልሁ። ምን ላድርግ? ሽንኩርቱንም ሳልገዛ ሄድሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ዘንድ ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ስለ መጽሐፍ እኔ አላውቅም፤ የማኅበሩን ሙሴ ጠይቅ» አለኝ። ሙሴ ማለት የጽዋ ማኅበሩ አለቃ ናቸው፤ ጋሽ ሞላ ይባላሉ፤ ጎብዬ ነው የሚኖሩት። ጎብዬ ሄድሁ። ጋሽ ሞላን ከመንገዱ ዳር ካለ ካፌ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ወንበር ስበው ሻይ አዘዙልኝ። ከዚያ አባቴን ጠየቁኝ፣ የአባቴን አባት ጠየቁኝ፣ ጎጃም ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ እኛ ቀበሌ ማሽላ እንደማይበቅል ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑልን። እኔ ከጠረጴዛው ሥር እግሬ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሽ ሞላ፣ መጽሐፉ የት ነው?» አልሁ በመጨረሻ።

«የቱ መጽሐፍ?»

«የብራናው።»

«እንጃ» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። ስኳሩ ከቀለጠ ቆይቷል። «እሱን መምሬ ደጉ ናቸው የሚያውቁት። ዋጃ ሄደዋል፣ ልጃቸው ጋ።»

ከጎብዬ ወደ ቆቦ ተመልሼ የዋጃን ሚኒባስ ገባሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረብኝ። የቆቦን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ውስጥ መቀመጥ አልቻልሁም። «በእግሬ ልጀምር፤ መንገድ ላይ ያገኘኛል» ብዬ ወረድሁ። ሚኒባሱ እኔ በወረድሁበት ቅጽበት አንድ የሠርግ ቤት ሰው ግጥም ብሎ ገባበት። መንገድ ላይ በእርግጥም አገኘኝ፤ ረዳቱ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ። ዋጃ የደረስሁት በባጃጅ ነው፤ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ከንፈሬ ደርቆ።

መምሬ ደጉ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ቄስ ናቸው። ከልጃቸው ግቢ ግራር ሥር ተቀምጠው ዝንብ ይከላከላሉ። መስቀል ካሳለሙኝና ውኃ ካስጠጡኝ በኋላ ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ መጽሐፉ አለ?»

«አለ።»

«የት?» አልሁ ብድግ ብዬ።

«ካለበት አለ።»

«ማየት እችላለሁ?»

ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና ትክ ብለው አዩኝ። «አንተን ደግሞ ማን አየህ? ለመድኃኔዓለም ማኅበር አለን። ና፣ ከሰው ጋር ተቀመጥ፣ ቁረስ፣ ጠጣ። መጀመሪያ ሰው ይይህ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሰው እስኪያየኝ ልቀመጥ! እኔን! ከዚህ ይልቅ ምነው ግሪክኛ ተማር ባሉኝ።

አመሻሹ ላይ ቤቴ ስገባ፣ እንደ ልማዴ የውሎዬን ሁሉ ለአከራዬ ዘረገፍሁላቸው። አከራዬ ሙስሊም ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ግቢውን የያዙ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት። እኔ የበሩን መቃን እየተደገፍሁና እየለቀቅሁ ስለ ብራናው አወራለሁ፤ እሳቸው ከራሳቸው የጣሉትን ሱቲ ሰብሰብ አድርገው ማሽላ ይነፋሉ። ስጨርስ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው። «አላህ ያቅርብልህ።»

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ድግሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንድ ገበሬ ግቢ ነው። ጸሎቱ ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። እኔ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጬ ይታይልኝ ዘንድ ፊቴን ወደ መምሬ አቅንቻለሁ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ እግሬ የእሳቸውን ብርጭቆ እያንቀጠቀጠ ስላስቸገራቸው ብርጭቆውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩት። ይህን ጊዜ ስልኬ ጠራ። ዶክተሩ! ኔትወርኩ ግቢው ውስጥ ስለሚቆራረጥ ሮጬ ከውጭ ካለው ግራር ሥር ቆምሁ።

«አገኘኸው?» አሉኝ።

«ዛሬ አገኘዋለሁ።»

«ዛሬ ዛሬ ስትል ክረምቱ ገባ።»

ስመለስ ሰው ሁሉ ቆሟል። ጋሽ ሞላ መካከል ላይ ናቸው፤ እጃቸው ላይ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ አንዲት ሴት ጧፍ አብርታ አጠገባቸው ቆማለች። ሰዉ እየቀረበ ጨርቁን ይሳለማል። መጽሐፉ ነዋ! ሌላ ምን በቀይ ጨርቅ ይጠቀለላል? ሌላ ምን ጧፍ ይበራለታል?

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ሞላ፣ «የሚወስደው ማነው?»

ገበሬዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንዱ ያስላል። እኔ ይህን ዝምታ እንዴት ልታገሠው? ይህን ሀብት ቤቱ ወስዶ በእርጋታ የሚያየው ሰው ይጠየቃል፣ ሰው ይሽኮረመማል!

«እኔ!» ብዬ ዘልዬ መካከል ገባሁ።

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን ሳሙኝ። ጋሽ ሞላ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መምሬ ደጉ ለረጅም ጊዜ መረቁኝ፤ ግቢህን ያስፋው፣ ሞሰብህን ይሙላው አሉኝ። ለአንድ ተመራማሪ ይህ ሁሉ ክብር ትንሽ በዛ ብዬ ነበር፤ ግን ሕዝባችን ዕውቀት ያከብራል ብዬ ተጽናናሁ። ጥቅሉን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ባጃጅ ውስጥም እንደ ሕፃን ታቅፌው፣ ቤቴ ገባሁ።

ጨርቁን በአከራዬ ፊት ፈታሁት። ውስጡ አንድ ክዳን ያለው ዋንጫ ነበር። አጠገቡም ቁራሽ ዳቦ።

ታውቃላችሁ ብዬ ነው፤ ካላወቃችሁ ልንገራችሁ። ጽዋ ማለት ይህ ነው። በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ጽዋውን የወሰደ ሰው የሚቀጥለውን ወር ማኅበሩን በሙሉ ቤቱ ጠርቶ ያበላል፣ ያጠጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እናቴ ማኅበርተኛ ናት። ግን ልጅ ሆኜ ዓይኔ ዳቦው ላይ ስለነበረ ጽዋው በምን ተጠቅልሎ እንደሚሄድ ልብ ብዬ አላየሁም። ጋሽ ሞላ «ጽዋውን የሚቀበል» ብለው የተናገሩትንም እኔ ግራር ሥር ቆሜ ከዶክተር ጋር ስከራከር ነው ያመለጠኝ።

አከራዬ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ወንፊታቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

«አንተ ልጅ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ወንደላጤ ሆነህ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተህ፣ የአገሩን ክርስቲያን ሁሉ የት ልታደርገው ነው? አልጋህ ላይ?»

በማግሥቱ ጽዋውን ይዤ ጎብዬ ወረድሁ፤ ልመልስ። ጋሽ ሞላ ገና ሲያዩኝ ተነሥተው አቀፉኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ማኅበሩ ሊበተን ደርሶ እንደነበር ነገሩኝ። የሞተው ሞቷል፣ የተሰደደው አልተመለሰም፣ የቀረውም ቤቱ ተዘርፎ ተራውን የሚቀበል ጠፍቷል። «ትናንት ዝም ሲሉ አበቃ ብዬ ነበር» አሉ። «አንተ የሰው አገር ልጅ ተነሣህልን።» ጽዋውን ከጃኬቴ ሥር ወደ ብብቴ ገፋ አደረግሁት። ሻዬንም ጠጣሁ። ስኳሩንም እኔ አማሰልሁት። ከዚያ ተመለስሁ።

አከራዬ በር ላይ ጠበቁኝ። «አልመለስኸውም አይደል?»

«አልመለስሁትም።»

«አብሽር» አሉ። «ሰዎቹ እዚህ ይምጡ። ዳሱን እኔ እጥላለሁ። ዳቦውን የናንተ ሴቶች ይጋግሩ፤ የክርስቲያን ነገር ነውና እኔ አልነካውም። እኔ ግቢ ውስጥ ግን የሚያሰክር ነገር አይገባም፤ ወላሂ አይገባም። ቃሪቦ ልጥመቅላችሁ።»

ቃሪቦን ወሎ ያልኖረ ላያውቀው ይችላል፤ ከገብስ የሚሠራ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው፤ ጥሩ ነው፤ ሙቀት ያበርዳል። ግን የመድኃኔዓለም ጽዋ በቃሪቦ ይሞላል? ይህን ጥያቄ ይዤ ስሄድ ማኅበሩ ራሱን የቻለ ጉባኤ ተቀመጠ። አንዱ «ከአባቶቻችን አልሰማንም፤ አይገባም» አለ። ሌላው «በድርቁ ዘመን በውኃ ጠጥተናል፤ ውኃ ከገባ ቃሪቦ ለምን ይወጣል?» አለ። አንድ ዲያቆን ስለ ጌሾ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። እኔ ለወራት ስለ ጥንት ጉባኤዎች ሳነብ ሰዎች እንዴት እንዲህ ተሟገቱ እል ነበር፤ አሁን ገባኝ። ሁሉም ስለሚወዱት ነገር ነው የሚሟገቱት። በመጨረሻ መምሬ ደጉ «የማን ግቢ ነው አልህ?» ብለው ጠየቁኝ። የአከራዬን ስም ነገርኋቸው።

እንደዚያ ወደ ዞብል ተራራ እንደሚያየው ዓይነት ሰው መምሬም ጋሽ ሞላም ወደ ተራራው ተመለከቱ።

«ቃሪቦ ይግባ» አሉ መምሬ። ጉባኤው ተፈጸመ።

የድግሱ ቀን ግቢያችን ሞላ። የጎረቤት ሙስሊሞች ወንበር እየተሸከሙ አመጡ፤ የማኅበሩ ሴቶች ዳቦ አመጡ። እኔ ባለ ድግስ ነኝና አልቀመጥም፤ ጆግ ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ እሮጣለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለመቀመጤ የተመሰገነበት ቀን ነው። ጸሎቱ ተደረገ፣ ጽዋው ዞረ፣ አንድ ሽማግሌም ቃሪቦውን ቀምሰው «የጌሾው ልጅ ይፍረድ» ብለው ወደ ዲያቆኑ አዩ። ሁሉ መልካም ሆነ።

ይህን ጊዜ አከራዬ ከጓዳቸው ወጡ። ሁለት እጃቸው ላይ አንድ ጥቅል አለ፤ በአሮጌ ጉፍታ፣ በራስ መሸፈኛ ሻሻቸው፣ ተጠቅልሎ፣ የማሽላ ብናኝ ለብሶ። ነጠላ ጫማቸውን ዳሱ ጫፍ ላይ አወለቁ።

«መምሬ» አሉ፣ «አደራዎን ይረከቡኝ። በጦርነቱ፣ ያን ቀን፣ በሰጡኝ ሰዎች ፊት ልመልስ ብዬ ነው የቆየሁት። መንገድ ለመንገድ ተሸክሜ ላመጣው አልችልም ነበር፤ እናንተም አገር ይርጋ እያላችሁ ቀራችሁ። ዛሬ ሁላችሁም ከቤቴ መጣችሁ። አልሃምዱሊላህ።»

ሰው ሁሉ ተነሣ። መምሬ ደጉ ጉፍታውን ፈቱት። የጠቆረ ቆዳ፣ ቢጫ ብራና፣ ቀይና ጥቁር ቀለም። እኔ ጎብዬ፣ ዋጃ፣ ገጠር ስባዝን ብራናው ለካ ከአልጋዬ ግድግዳ ማዶ፣ የአከራዬ ጎታ ውስጥ፣ ማሽላ ሥር ነበር! ጆጉ እጄ ላይ አዘነበለና ቃሪቦው በሙሉ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሴቶቹ እየሳሙ አለቀሱ፤ ጋሽ ሞላ ግንባራቸውን አስነክተውት ቀና ማለት አቃታቸው። እኔ ስልኬን ላወጣ ስል «መምህር፣ ቃሪቦ!» ይለኛል አንዱ። እሱን ስቀዳ ሌላው ይጠራኛል። ባለ ድግስ እንግዳ ትቶ ፎቶ አያነሣም። መጽሐፉ በአጠገቤ አልፎ ሲሄድ የማሽላ ሽታ ሸተተኝ፤ አልቅሻለሁ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ።

ሰዉ ሲበተን አከራዬን ያዝኋቸው።

«እትዬ! ያን ሁሉ ቀን ስፈልግ እየሰሙ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቀኸኛል?»

«ብጠይቅዎት ይነግሩኝ ነበር?»

«አልነግርህም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መምሬ ደጉ ቤተ ክርስቲያን ጠርተውኝ መጽሐፉን በእርጋታ አሳዩኝ። የፊተኛውም የኋለኛውም ቅጠል የለም። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ለማን እንደተጻፈ የሚናገር አንድ ቃል አልተረፈም። ቆዳውን ለካሁ፣ ስፌቱን ሣልሁ፣ ቀለሙን ገለጽሁና ለዶክተር ላክሁ። ስለ ክፉው ቀንም አንዲት መስመር ጨመርሁ፤ መጽሐፉ ተጠብቆ ቆይቷል ብዬ።

ዶክተሩ ደወሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ዘመኑ ያልታወቀ ብራና ብዙ ነው» አሉ። «የአንተን የሚለየው መትረፉ ነው። በማን ተጠበቀ? የት? የጠበቀውን ሰው ስም ጻፍ፣ ቃሉን ቅዳ። ይህ ከገባ በማዕርግ ትመረቃለህ። ካልገባ ግን የምከራከርልህ ነገር የለኝም።»

ወደ አከራዬ ሮጥሁ። ስማቸው በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንደሚቀመጥ፣ ትውልድ እንደሚያነበው፣ ሊቃውንት እንደሚያመሰግኗቸው ተናገርሁ። ተንቆራጠጥሁ፣ እጄን አወናጨፍሁ፣ በርጩማውን ገለበጥሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ስሜ ከተጻፈ» አሉ፣ «ነገ ማን እኔ ጋ ያስቀምጣል?»

በርጩማውን አንሥቼ አቆምሁት።

«አንዲት እናት ብዬስ ብጽፍ?»

«ጸሐፊው አንተ ነህ፤ የተከራየኸው እኔ ጋ ነው። ሰው አያውቅም? ጠባቂው አላህ ነው በለው። እኔ ጎታ ነው ያዋስሁ።»

ለዶክተር ምንጩን መግለጽ አልችልም ብዬ ጻፍሁ። ጠባቂው ፈጣሪ ነው ብዬም ልጨምር አስቤ ነበር፤ ገጽ ጥቀስ ይሉኛል ብዬ ተውሁት። መልሳቸው አጭር ነበር። ክረምቱ አለፈ፤ አብረውኝ የተማሩት ጥቁር ጋውን ለብሰው የተነሡትን ፎቶ ስልኬ ላይ አየሁት። ለእናቴ ስነግራት «ለእሷ ምን ብዬ ልንገራት?» አለችኝ፤ ጎረቤቷን ማለቷ ነው። ተናደድሁ። በራሴም፣ በዶክተርም፣ በአከራዬም ተናደድሁ። ግቢውን ስዞር አፈሩ መንገድ አወጣ።

ይህን ወግ እንኳ የጻፍሁት አስፈቅጄ ነው። «ለሳቅ ከሆነ አውራው» አሉኝ፤ «ለሳቅ የተወራ ነገር አጣራለሁ ብሎ የሚመጣ የለም። ስምህን ግን አትጥራ።» ስለዚህ ስሜን አልነገርኋችሁም፤ የጋሽ ሞላንና የመምሬንም ስም ለውጫለሁ። የሚንቆራጠጥ መምህርም ቆቦ ውስጥ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አትልፉ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አከራዬ በሬን አንኳኩ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ከሱቲያቸው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ፣ በገመድ የታሰረ ነገር አወጡና ጭኔ ላይ አኖሩት። ከበድ ይላል። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የክርስቲያን ይሁን የእስላም፣ የቤት ይሁን የቤተ ክርስቲያን አላውቅም።

«ይህ አንተ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ። «ባለቤቱ ሲመጣ እነግርሃለሁ።»

«ምንድን ነው?» ልል አፌን ከፈትሁ። አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። አፌን ዘጋሁ።

የት እንዳስቀመጥሁት አልነግራችሁም።